ኦቲዝም የሀብታም ቤት ይመርጣል?

ጥያቄ፦ «ልጄ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። ስሙን ስጠራው አይዞርም። ኤ ቢ ሲ ዲን እስከ መጨረሻው ይላል፤ ሲጠማው ግን ‹ውሃ› አይልም፣ እጄን ይዞ ወደ ጀሪካኑ ይጎትተኛል። ጤና ጣቢያ ያየችው ነርስ ‹ኦቲዝም ሊሆን ስለሚችል ይመርመር› አለችኝ። አማቴ ግን ‹ይሄ የሀብታም ልጆች በሽታ ነው፤ በሞግዚትና በቴሌቪዥን ያደጉት ናቸው እንዲህ የሚሆኑት። ደግሞ አባቱም በአራት ዓመቱ ነው አፉን የፈታው› ይላሉ። ባለቤቴ ሹፌር ነው። እኔ ከወለድኩ ወዲህ ሥራ የለኝም። አንድ የግል ማዕከል ሄጄ የወር ክፍያውን ሲነግሩኝ ደንግጬ ተመለስኩ። በሩ ላይ የቆሙትን መኪኖች ሳይ አማቴ ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም አልኩ። እውነት ኦቲዝም የሀብታም ነው? ከሆነ የእኔ ልጅ ምን ሆኖ ነው? ካልሆነስ በምን አቅሜ?»

ምላሽ፦ ኦቲዝም የሀብታም በሽታ አይደለም። ልጅ ከሰው ጋር የሚግባባበትን መንገድ የሚነካ፣ ከአእምሮ አፈጣጠር የሚመጣ የእድገት ሁኔታ ነው። ገንዘብ ኦቲዝምን አያመጣም። ገንዘብ የሚያመጣው ስሙን ነው፤ ምርመራውን፣ ወረቀቱን፣ ማዕከሉን። እርስዎ በዚያ በር ላይ ያዩት ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ሁሉ አይደለም። ከእነሱ መካከል ወላጆቻቸው መክፈል የቻሉትን ነው። ሌሎቹ በሩ ላይ አልነበሩም፤ ስለዚህ አልቆጠሯቸውም።

አማትዎ ላይ ግን አልፈርድም። ይህን ስህተት ከእሳቸው በፊት ትልልቅ ሐኪሞች ሠርተውታል። ሊዮ ካነር የሚባል የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ባልቲሞር ከሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆኖ ስለ 11 ልጆች ጻፈ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ኦቲዝም ዛሬ በምናውቀው መልኩ ራሱን የቻለ ስም ያገኘው ከዚያ ጽሑፍ ወዲህ ነው። ካነር ወላጆቹን ሲያይ አብዛኞቹ የተማሩ፣ ትልቅ ቦታ የደረሱ ሰዎች ሆኑበት። ይህንኑ መዘገበ። ከወላጆቹ ሞቅ ያለ ፍቅር የሚያሳዩት ጥቂት ናቸው ብሎም ጨመረበት።

ከ11ዱ የመጀመሪያው ልጅ ዶናልድ ትሪፕሌት ይባላል። ሚሲሲፒ ውስጥ ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጠበቃ ነበሩ፤ የእናቱ ቤተሰብ የከተማዋ ባንክ ባለቤት ነበር። አባትየው ስለ ልጃቸው ጠባይ 33 ገጽ ደብዳቤ ጽፈው ለካነር ላኩ። በ1938 ደግሞ ብዙ ግዛቶችን አቋርጠው ልጁን ባልቲሞር ድረስ ወሰዱት። አሁን እስቲ ያስቡት። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ሚሲሲፒ፣ በሰው መሬት ጥጥ የሚለቅም ጥቁር ገበሬ ልጁ ባይናገር ለማን ነው 33 ገጽ የሚጽፈው? በምን ገንዘቡ ነው ባልቲሞር የሚደርሰው? ካነር ያየው መድረስ የቻሉትን ነው።

ከዚያ ነገሩ ከፋ። «ወላጆቹ የተማሩና ቀዝቃዛ ናቸው» የሚለው ወሬ እያደገ ሄዶ «ልጁን እንዲህ ያደረገችው እናቱ ናት» ወደሚል ክስ ተለወጠ። ለዓመታት እናቶች «ማቀዝቀዣ» እየተባሉ ተሰደቡ። በርናርድ ሪምላንድ የተባለ፣ ራሱም ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት የሆነ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1964 ነገሩ ከአእምሮ አፈጣጠር የሚመጣ መሆኑን ተከራክሮ ጻፈ። የአማትዎ የሞግዚትና የቴሌቪዥን ክስ የዚያው የድሮ ክስ ታናሽ ወንድም ነው። ያኔም ዛሬም ጣቱ የሚቀሰረው እናት ላይ ነው።

የመደቡን ነገር በደንብ የፈተሸችው እንግሊዛዊቷ የአእምሮ ሐኪም ሎርና ዊንግ ናት። እሷም ኦቲዝም ያለባት ልጅ እናት ነበረች። እሷና ባልደረቦቿ ለንደን ውስጥ ካምበርዌል በሚባል ሰፈር ሐኪም ዘንድ የመጡትን ብቻ ሳይሆን፣ በአካባቢው ያሉትን የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች በሙሉ ፈልገው አገኙ። በ1980 ውጤቱን ስትጽፍ የመደብ ልዩነቱ ጠፋ። የሠራተኛውም የባለሥልጣኑም ልጅ እኩል ነበር። ልዩነቱ የታየው የት ነው? የወላጆች ማኅበር አባል ከሆኑትና ልዩ ክሊኒክ ከደረሱት ዘንድ። እነሱ በአብዛኛው የተማሩና ደህና ኑሮ ያላቸው ነበሩ።

ኋላ የመጡት ጥናቶችም ይህንኑ ያሳያሉ። አሜሪካ ውስጥ ምርመራ በኢንሹራንስና በኪስ ስለሚወሰን ለብዙ ዓመታት የሀብታም ሰፈር ልጆች ቁጥር ከፍ ብሎ ይታይ ነበር። ስዊድን ውስጥ ግን ሕፃናት በሙሉ በነፃ ክትትል ይደረግላቸዋል። በ2012 የወጣ የስቶክሆልም ጥናት የተገላቢጦሹን አገኘ፤ ገቢያቸው ዝቅ ያለ ቤተሰቦች ልጆች ላይ ነው ኦቲዝም በዛ ብሎ የታየው። አሜሪካም ቢሆን ምርመራው እየተስፋፋ ሲሄድ ሥዕሉ ተገለበጠ። በ2023 የወጣው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሪፖርት ከ36 የስምንት ዓመት ልጆች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ገምቷል። በዚያ ክትትል ለመጀመሪያ ጊዜ የጥቁሮችና የሂስፓኒክ (የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው) ልጆች ቁጥር ከነጮቹ በለጠ። በጥቂት ዓመት ውስጥ የድሆች ልጆች ተፈጥሮ ተለውጦ አይደለም። አሁን ስለታዩ ነው።

ታዲያ የኑሮ ደረጃ ምንም ለውጥ የለውም ወይ? ትንሽ አለው፤ ግን በሁለቱም በኩል ይገፋል። የተማሩና ደህና ገቢ ያላቸው ሰዎች ዘግይተው ይወልዳሉ፤ የወላጆች ዕድሜ መግፋት፣ በተለይ የአባት፣ ዕድሉን ትንሽ ከፍ ያደርጋል። በሌላ በኩል ያለ ቀኑ መወለድና የወሊድ ችግር ድሃ ቤት ይበዛሉ፤ እነሱም ዕድሉን ከፍ ያደርጋሉ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ዘር ነው፤ ከወላጅ የሚወረሰውን ማለቴ ነው። በ2019 የታተመ፣ አምስት አገሮችን ያካተተና ከሁለት ሚሊዮን በላይ ልጆችን የተመለከተ ጥናት ሰው ከሰው የሚለይበት የኦቲዝም ዕድል 80 በመቶ ያህሉ በዘር እንደሚገለጽ አስቀምጧል። ዘር ደግሞ የባንክ ደብተር አይጠይቅም።

መደብ ትልቅ ሥራ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት እኔ በምሠራበት ክሊኒክ ሁለት ልጆች አየሁ። ሁለቱም አምስት ዓመታቸው ነው። የመጀመሪያው ወፍራም ፋይል ይዞ መጣ፤ የትምህርት ቤት ሪፖርት፣ የጆሮ ምርመራ፣ ከሁለት ቦታ የተሰጠ ወረቀት። ሁለተኛዋን እናቷ አዝላት መጣች። እግሯ ደህና ነው፤ መንገድ ላይ ስለምትሮጥባት ነው ያዘለቻት። ሳወርዳት ቁርጭምጭሚቷ ላይ የገመድ ምልክት አየሁ። እናትየው ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። ስትወጣ ከአልጋው እግር ጋር ታስራታለች፤ ካላሰረቻት ወጥታ መኪና ይገጫታል። ጭካኔ እንዳይመስልዎት፤ የሚይዝላት ሰው የላትም። ሁለቱም ልጆች ጣታቸውን ዓይናቸው ፊት የሚያወዛውዙት አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም ሲጠሩ አይዞሩም። የልጁ ፋይል ላይ «ኦቲዝም» ተጽፏል። የልጅቷ ካርድ ላይ «የአእምሮ ዝግመት» ብቻ። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ያም አልተባለላትም፤ ርግማን ነው የተባለው።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሄዳል። ኦቲዝም ራሱ ቤተሰብን ያደኸያል። አሜሪካ ውስጥ በተሠራ ጥናት ኦቲዝም ያለበት ልጅ ያላቸው እናቶች፣ የጤና ችግር የሌለበት ልጅ ካላቸው እናቶች ገቢያቸው 56 በመቶ ያንሳል። እርስዎም «ከወለድኩ ወዲህ ሥራ የለኝም» ብለዋል። ይህ የእርስዎ ስንፍና አይደለም፤ ከጉዳዩ ጋር የተያያዘ ነው።

አሁን ወደ አማትዎ ነጥቦች። «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» የሚለው ብዙ ልጆችን ዓመት አስበልቷል። ዘግይቶ የሚናገር ልጅ አለ፤ ግን እሱ በምልክት ይናገራል። ይጠቁማል፣ ያይዎታል፣ ያገኘውን ነገር «እዪልኝ» ብሎ ያሳያል፣ ስሙ ሲጠራ ይዞራል። የእርስዎ ልጅ ላይ ያሳሰበኝ አለመናገሩ ብቻ አይደለም። ውሃ ሲፈልግ እጅዎን እንደ ዕቃ ይዞ መጎተቱና ስሙን አለመስማቱ ነው። ኤ ቢ ሲ ዲ ማለቱም አያታልልዎት። ከስልክ የሰማውን መድገም አንድ ነገር ነው፤ ቃልን ለጥያቄ መጠቀም ሌላ።

ቴሌቪዥን ኦቲዝም አያመጣም። ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ የተተወ ልጅ ግን ንግግሩ ሊዘገይ ይችላል፤ ሰው የሚያናግረው ሰዓት ስለሚያንስ። ስለዚህ ስልኩን ይቀንሱ። ግን «መጀመሪያ ስልኩን ልንሳውና ልየው» ብለው ምርመራውን አያቆዩ። ሁለቱን አብረው ያስኪዱ። ሞግዚትም አታመጣውም፤ ክትባትም አያመጣውም። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር አያይዞ በ1998 የወጣው የእንግሊዝ ጽሑፍ በ2010 ተሰርዟል፤ ጸሐፊውም የሕክምና ፈቃዱን ተነጥቋል። አንድ ሌላ የሰፈር ምክር ደግሞ አለ፤ «በአንድ ቋንቋ ብቻ አናግሩት፣ እንግሊዝኛ ይሁን» የሚል። አይስሙት። ሁለት ቋንቋ ኦቲዝምን አያባብስም። ልብዎ በሚናገርበት ቋንቋ ያናግሩት።

ነርሷ «ይመርመር» ያለችዎት ልክ ናት። መጀመሪያ ጆሮው ይታይ። ይህን አይዝለሉት፤ የማይሰማ ልጅም ስሙን ሲጠሩት አይዞርም። ሙዚቃ ሲከፈት ይሮጣል ማለት ደህና ይሰማል ማለት አይደለም። ከዚያ ከጤና ጣቢያው ሪፈር ይጻፍልዎ፤ የሕፃናት ወይም የሕፃናት አእምሮ ጤና ክፍል ወዳለው የመንግሥት ሆስፒታል። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካላችሁ በሪፈር ሰንሰለቱ መሄድ ግዴታ ነው፤ በቀጥታ ከሄዱ ከኪስዎ ሊያስከፍልዎ ይችላል። ራሱን ስቶ ወይም ተንቀጥቅጦ የሚያውቅ ከሆነ ሳይጠየቁ ይናገሩ፤ የሚጥል በሽታ ከኦቲዝም ጋር አብሮ ይመጣል፣ መድኃኒትም አለው።

ኦቲዝምን በደም ምርመራ ወይም በጭንቅላት ፎቶ ማወቅ አይቻልም። «ኤምአርአይ ተነስቶ ይለይለታል» ብሎ ብዙ ብር የሚያስወጣ ካለ ይጠይቁት፣ ለምን? የሚጥል በሽታ ወይም ሌላ ምልክት ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። የሚለየው በማየት፣ በመጫወትና እናትን በመጠየቅ ነው። ርካሽ ነው፤ ጊዜ ነው የሚፈልገው።

የማዕከሉ ጉዳይ። አዲስ አበባ ውስጥ ዘሚ የኑስ የተባሉ እናት፣ በራሳቸው ልጅ ምክንያት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ከፈቱ። ነህምያ የተባለው ማዕከልም ኋላ መጣ። እነዚህ ቦታዎች ብዙ ልጅ አውጥተዋል፤ ወረፋቸው ግን ረጅም ነው። ይመዝገቡ። ግን ወረፋ እየጠበቁ ቁጭ አይበሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፤ ዘጠኝ የቡድን ትምህርትና ሦስት የቤት ጉብኝት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥም ተተርጉሞ ተሞክሯል። የተሠራው ስፔሻሊስት ለሌለበት አገር ነው፤ ዕቃው ጀሪካን፣ ኩባያና ሙዝ ነው። ሆስፒታል ሲሄዱ «የወላጆች ሥልጠና አላችሁ?» ብለው በስሙ ይጠይቁ።

እስከዚያው በጀሪካኑ ይጀምሩ። እጅዎን ይዞ ሲጎትትዎ ይሂዱለት፤ ግን ወዲያው አይቅዱ። ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ይበሉ፣ ዓይንዎ ከዓይኑ እኩል ይሁን። ኩባያውን ከፊትዎ አጠገብ ይያዙና «ውሃ» ይበሉ። አንድ ቃል ብቻ። ከዚያ ዝም ብለው በልብዎ እስከ አምስት ይቁጠሩ። ካየዎት፣ ድምፅ ካወጣ፣ ወይም ጣቱን ከዘረጋ ወዲያው ይቅዱለት፤ ግን ሁለት ጉንጭ ብቻ። ኩባያውን ከሞሉት ጨዋታው አለቀ። ጥቂት ከሆነ ተመልሶ ይጠይቃል። ምንም ካላደረገስ? ይስጡት። ውሃ መከልከል ማስተማር አይደለም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም ይደግሙታል። ልብስ ሲያለብሱት፣ እጁን ሲያስታጥቡት፣ እንጀራ ሲቆርሱለት እንዲሁ። ቀን ውስጥ ሃያ ጊዜ ለሁለት ለሁለት ደቂቃ ከተደረገ፣ የግል ማዕከሉ ከሚሰጥዎት የሳምንት ሰዓት ሊበልጥ ይችላል። ቡና ሲወቀጥ ጆሮውን ይዞ የሚጮህ ከሆነ ደግሞ ጥጋብ አይደለም፤ ድምፁ ያመዋል። ወቀጣውን ውጭ ያድርጉት።

ልክ ልናገር። ይህ ኦቲዝምን አያጠፋም። አንዳንዱ ልጅ ይናገራል፣ ትምህርት ቤት ይገባል። አንዳንዱ በሥዕልና በምልክት ይግባባል። የእርስዎ ልጅ የት እንደሚደርስ በሦስት ዓመቱ እነግርዎታለሁ የሚል ባለሙያ ካገኙ ይጠራጠሩት። «አድናለሁ» የሚል ካገኙ ደግሞ ጥለውት ይሂዱ። ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት የለም። አሜሪካ ውስጥ በ2006 ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የተፈቀደው ሪስፔሪዶን የተባለ መድኃኒት ራስን መምታትንና ከባድ ቁጣን ያረግባል እንጂ ንግግር አያስከፍትም። ብረት ከደም እናወጣለን የሚሉት ሕክምና ልጅ ገድሏል። ስቴም ሴል ለሚባለው የሴል መርፌ ብሎ ቤት ሸጦ ውጭ አገር መሄድም የሚያዋጣ ማስረጃ የለውም። ወርቅዎን አይሽጡ፤ ዕቁብዎን ለዚህ አያውጡ። ገንዘብ ከተገኘ ለንግግር ሕክምናና ልጁን ለሚቀበል መዋዕለ ሕፃናት ይዋል።

ጠበል መሄድ ከፈለጉ አልከለክልዎትም፤ የልጁ እምነት የእናቱ ነው። ግን ሦስት ነገር። አይታሰር፣ አይራብ፣ የሚወስደው መድኃኒት ካለ አይቋረጥ። ጭስ ማጠንም ይቅር።

ይህን ከውጭ አገር የምታነቡ ወላጆችም አላችሁ። አሜሪካ ያላችሁ፣ ልጁ ከሦስት ዓመት በታች ከሆነ የግዛቱን የቅድመ ልጅነት አገልግሎት፣ ከሦስት በላይ ከሆነ የሰፈራችሁን የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተዳደር በጽሑፍ ምርመራ ጠይቁ። ምርመራው በነፃ ነው። ሚኒያፖሊስ ውስጥ በ2013 የወጣ የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ከ32 የሶማሌ ልጆች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት አሳይቶ ነበር፤ ከነጮቹ ቁጥር ጋር የተቀራረበ ነው። የለየው የሶማሌዎቹ ልጆች ላይ የአእምሮ ዝግመት አብሮ በብዛት መመዝገቡ ነው። «ሰው ይሰማብናል» ብሎ መደበቅ ልጁን ነፃ አገልግሎት ከማሳጣት በቀር የሚጠቅመው የለም።

የእኔ ምክር ይኸው። በዚህ ወር ውስጥ ጆሮው ይመርመር፣ ሪፈሩም ይጻፍ። አማትዎ ያምኑ ዘንድ አይጠብቁ፤ እሳቸውንም አብረው ይውሰዷቸው፣ ሐኪሙ ፊት ይጠይቁ። የጀሪካኑን ነገር ደግሞ ዛሬ ማታ ይጀምሩ።

አንድ ነገር ይዘው ይሂዱ። ልጆች ሐኪም ፊት ይለወጣሉ፤ በዚያች አሥር ደቂቃ የእርስዎ ልጅ ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ባለቤትዎ በስልኩ ይቅረጽ፤ ስሙን ከኋላው ሲጠሩት፣ ብቻውን ሲጫወት፣ ወደ ጀሪካኑ ሲጎትትዎ። እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። በአንድ ደብተር ደግሞ መቼ ቆመ፣ መቼ ሄደ፣ የመጀመሪያ ቃሉ ምን ነበር፣ ብሎት የተወው ቃል አለ ወይ የሚለውን ይጻፉ። የሚሲሲፒው ጠበቃ 33 ገጽ የጻፉት ለዚህ ነበር። ለእርስዎ ልጅ ሦስት ቪዲዮና አንድ ገጽ ይበቃል።